አገር ነህ

ጋሞ ምድር፣ ሲቀላ ውስጥ ጁስ ቤት እንደ ጉድ ነው። ዞር ባላችሁበት ሁሉ ማንጎ ይላጣል፣ አቮካዶ ይፈጫል። ጁስ ሊጠጡ ገብተው በሙዚቃ ጉዳይ ተሰድበው የሚወጡበት ቤት ግን አንድ ብቻ ነው፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው የአገርነሽ ቤት።

አገርነሽ ኦይታ ትባላለች። ደንበኛው ሁሉ «አገሬ» ይላታል። ዕድሜዋ ሠላሳን ተሻግሯል፤ በስንት እንደተሻገረ የሚጠይቅ ሰው ካለ ጁሱ ውሃ ይበዛበታል። የተወለደችው ላንቴ፣ ሙዝ መሀል ነው። ነገር ግን ገና ነፍስ ሳታውቅ አክስቷ ሐዋሳ ወስዳ አሳደገቻትና ትምህርቷን ጨርሳ ስትመለስ ጋሞኛዋ ጆሮዋ ውስጥ ብቻ ቀርቶ ነበር። የሚነገራት ሁሉ ይገባታል፤ አፏን የከፈተች ጊዜ ግን ላንቴ ሆዱን ይዞ ይስቃል። «ዳቦ ግዙልኝ» ብላ «ጅብ ግዙልኝ» ያለች ይመስል አክስትና አጎት እየተጠራራ ሲስቅባት፣ ተናዳ በአማርኛ ብቻ መኖርን መረጠች። እልኸኛ ናት፤ ምን ታደርጓታላችሁ!

አባቷ ጋሽ ኦይታ ሙዝ ገበሬ ናቸው፣ በዚያ ላይ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። ልጃቸው መሥራቷ ደስ ይላቸዋል፣ ጁሷንም ይወዱታል። የማይወዱት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስፒከር ነው። ከእሱ የሚወጣው ዘፈን ነዋ! በዚህ የተነሳ አገርነሽ በላንቴ የጸሎት ቡድን ውስጥ ከዝናቡና ከሙዝ ዋጋ ቀጥላ ቋሚ የጸሎት ርእስ ናት። ሲጸለይላት እሷም አንዳንዴ አብራ «አሜን» ትላለች።

ዘፈን ሲባል ደግሞ ዝም ብሎ ዘፈን እንዳይመስላችሁ። አገርነሽ የምትወደው አንድ ዓይነት ብቻ ነው። አሳታሚ ኩባንያ ያልገባበት፣ ዘፋኙ ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ቀርጾ፣ ራሱ ቴሌግራም ላይ የለቀቀው አልበም። እንዲህ ያለውን አልበም አድና ታመጣለች። አንድ ቀን ለሊሴ የምትባል ከወለጋ የመጣች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጁሷን እየጠጣች ጆሮዋን ሰጥታ አዳመጠችና፣

«አገሬ፣ ይሄ እኮ ኢንዲ ነው የሚባለው» አለቻት።

«እንዴት?»

«ኢንዲ!»

«እኮ እንዴት እንዲ?»

«ኢንዲ ነዋ!»

«አንቺ ልጅ፣ አፌዝሽብኝ ወይስ ጁሱ ራስሽ ላይ ወጣ?»

ለሊሴ ስቃ ስቃ ሲወጣላት አስረዳቻት። አገርነሽም ገባት፤ ቃሉን ግን አልወደደችውም። «እኛ ቤት እንዲህ ያለው ስሙ ሌላ ነው» አለች፤ «ስኳር ያልገባበት ይባላል።» ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲቀላ ውስጥ አልበም ሁለት ዓይነት ሆነ፤ ስኳር የገባበትና ስኳር ያልገባበት።

የዓመቱን ምርጥ አልበሞች የምትናገረው በማስቃላ፣ በጋሞዎቹ መስቀል፣ ዋዜማ ነው። «የኛ ዓመት የሚዞረው በማስቃላ ነው» ትላለች፤ ጋሞኛው ቢያስቸግራትም ዓመቱን አልለቀቀችውም። ያን ዕለት ከሰዓት ቤቱ በተማሪ፣ በባጃጅ ነጂና በመንግሥት ሠራተኛ ጢም ይላል። አንደኛ የወጣው አልበም ሽልማቱ ምን መሰላችሁ? ዓመቱን ሙሉ አንድ ጁስ በስሙ ይጠራል። አምና ያሸነፉት «ጣራው ያፈሳል» የሚል አልበም በክረምት ቆርቆሮ ሥር የቀረጹ ልጆች ነበሩ። ሳያስቡት ዝናቡ ከበሮ ሆኖላቸዋል። እናም ዓመቱን ሙሉ ደንበኛው በር ላይ ቆሞ «አገሬ፣ ሁለት ጣራው ያፈሳል! አንዱ ያለ በረዶ!» እያለ ሲጮህ፣ አላፊ አግዳሚው ቀና ብሎ ጣራውን ያያል።

ሕጓ ደግሞ አንድ ነው። መዝሙር አታወዳድርም። አንዴ አንድ ተማሪ ለምን ብሎ ቢጠይቃት፣ «እግዚአብሔርን ዘንድሮ ሁለተኛ ወጣህ ብዬ ነው የምነግረው?» ብላ አፉን አስያዘችው።

አሁን ወደ ኤርጫፎ እንምጣ።

ኤርጫፎ ምዕራብ ዓባያ የተወለደ፣ በአይሱዙ ሙዝ የሚያመላልስ ሾፌር ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በየማለዳው የአገርነሽን ሙዝ በራሱ ትከሻ አውርዶ በሯ ላይ ያስቀምጥላታል። ሾፌር ሆኖ ማራገፍ ምን ሥራው ነው? ማንም አልጠየቀውም፤ አገርነሽም አልጠየቀችውም። ቁመናው ያማረ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ወሬው እጥር ያለ ሰው ነው። አማርኛው ግን አንድ አመል አለበት። ሴት የሚባል አያውቅም።

«አገሬ፣ ጁስ ስጠኝ።»

«ስጪኝ በል!»

«እሺ፣ ስጪኝ።»

ትሰጠዋለች። ይቀበልና፣ «እግዚአብሔር ይባርክህ» ይላታል።

«ወይኔ ጉዴ! ይባርክሽ በል!»

«ይባርክሽ።»

ይህ ጨዋታ በየማለዳው አለ። ቤቱ ይስቃል፣ አገርነሽ ከሁሉ አብልጣ ትስቃለች፣ ኤርጫፎም አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ይላል። የሚጠጣው ሁልጊዜ ስፕሪስ ነው። ከታች አቮካዶ፣ መሀል ላይ ማንጎ፣ ከላይ ፓፓያ። ሌላው ሰው እንደቀረበለት በማንኪያ ያማስለዋል። ኤርጫፎ ግን አያማስልም፤ ሦስቱን በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ተደራርበው እንዳሉ ቁጭ ብሎ ሲያያቸው ይቆይና ነው የሚጠጣው። አገርነሽ «ጁስ ነው ሲኒማ?» ትለዋለች።

ዘንድሮ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ኤርጫፎ ብርጭቆውን ጨርሶም አልነሣ አለ።

«ምን ሆንክ?» አለችው።

«ሞያሌ መስመር ሥራ አገኘሁ። ትልቅ መኪና ነው። ከማስቃላ በኋላ ና ብለውኛል።»

አገርነሽ የያዘችውን ማንጎ መላጧን አቆመች። «ልትሄድ ነው?»

«አንድ ነገር ጠይቄያለሁ። መልሱን እስከ ማስቃላ እጠብቃለሁ። መልስ ከመጣ እቀራለሁ። ካልመጣ እሄዳለሁ።»

«የት ነው የጠየቅከው?»

ኤርጫፎ ቀና ብሎ አያት። «እዚሁ ነው» አለ፤ ከዚያ ብድግ ብሎ ወጣ።

እዚሁ ሲል መሬት ጠይቆ መሰላት። ማዘጋጃ ቤት ፋይሉ ጠፍቶበት ይሆናል ብላ አሰበችለት። ግን ከፋት። ያን ቀን ማንጎው ሁሉ ጎመዘዛት። አብራት የምትሠራውን የአጎቷን ልጅ ጸዳለን ጠርታ፣ «አሁን እኔ ሙዝ በምን ላስመጣ ነው?» አለቻት።

«የጠፋው ሙዝ ነው?» አለች ጸዳለ፣ ከብርጭቆ እጥበቷ ቀና ሳትል።

«ታዲያ ምንድነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ጆሮ ያለሽ አንቺ ነሽ።»

ጸዳለ እንዲህ ናት፤ ተናግራም አልተናገረችም።

የዘንድሮው አልበም ደግሞ ሞልቶ ፈሰሰ። ከጂንካ አንዲት ልጅ «ቁምሳጥን» የሚል አወጣች። ግቢው ጫጫታ ስለሆነ ቁምሳጥን ውስጥ ገብታ፣ ልብሶቿ መሀል ተቀምጣ ነው የቀረጸችው። ስታዜም ማንጠልጠያው ሲጋጭ ይሰማል። አገርነሽ «ይሄ ማንጠልጠያ ከስንቱ ኪቦርድ ይበልጣል!» ብላ አድንቃለች። ከሶዶ አንድ ሥራ ፈላጊ ምሩቅ «ሁለት ዓመት ልምድ» የሚል አልበም ለቀቀ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ስለመቆም ነው። አዝማቹ ሲመጣ ቤቱ ያለው ምሩቅ ሁሉ ብርጭቆውን አስቀምጦ አብሮ ይጮሃል። ሁለት የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ደግሞ ዋሽንትን ከጫሞ ሐይቅ ዳር እንቁራሪት ጋር አጋብተው አመጡ። አገርነሽ አዳምጣ ስታበቃ «እንቁራሪቷ ጎበዝ ናት፤ እናንተ ትንሽ ልምምድ ይቀራችኋል» አለቻቸው።

ከሁሉ መሀል ግን፣ ሐምሌ ላይ፣ «አገር ነህ» መጥቶ ነበር።

ማን እንዳወጣው አይታወቅም። ሽፋኑ ላይ የሙዝ ቅጠል አለ፣ ስም የለም። በሙዝ አገር የሙዝ ቅጠል ምን ይናገራል? አንድ ጊታር፣ የእጅ ጭብጨባ፣ ከዚያ አንድ ቀጭን፣ ከፍ ያለ የወንድ ድምፅ። ከኋላ ያ ድምፅ ራሱን በራሱ እየተቀበለ ይደራረባል፤ የጋሞ ተራራ ሰዎች ሲቀባበሉ እንደሚያደርጉት አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይነሣል። ከሁሉ ሥር ደግሞ የማያቋርጥ ወፍራም ጉርምርምታ አለ። አገርነሽ ምን ዓይነት ቤዝ እንደሆነ ለማወቅ ጆሮዋን ስፒከሩ ላይ ለጥፋ ብትውልም አልደረሰችበትም። ግጥሙ እንዲህ ይላል፦

«ማለዳ ሸክሜን ይዤ ደጅህ እመጣለሁ፣
በእጅህ ከቀዳኸው ጽዋ እጽናናለሁ፣
ሦስቱ በአንድ ሲያድር አይቼ እደነቃለሁ፤
አገር ነህ ለእኔ፣ ሌላ የት እሄዳለሁ።»

የመጀመሪያ ቀን ስትሰማው አለቀሰች። ምን እንዳስለቀሳት አላወቀችም፤ ሽንኩርት አልከተፈች፣ ጁስ ቤት ነው። በማግስቱ ደግማ ከፈተችው፤ ደግማ አለቀሰች። ከተማሪዎቹ አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። «መዝሙር ነው» ብሎ አንዱ አንሾካሾከ። ማን ይጠራጠራል? ጽዋው አለ፣ ደጁ አለ፣ ሦስቱ በአንድ አለ። እንዲህ ያለ ነገር ለማን ይዘመራል?

ከዚያ ጋሽ ኦይታ ከላንቴ ሲቀላ ወረዱና፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ስፒከር ቀና ብለው በደስታ አዩት።

«አንቺ ልጅ፣ ጸሎታችን ሰመረ! ይሄን እኮ በየእሁዱ እየዘመርነው ነው። መዘምራኑ አጥንተውታል። እኔ ራሴ ሦስቱ በአንድ የሚለው ላይ ስደርስ አልችልም፣ እንባዬ ይመጣል።»

«እኔም አለቀስኩ፣ አባዬ» አለች አገርነሽ።

«ተመስገን! አንድ ስንኝ ብቻ ነው ያከራከረን። ‹ስሳሳት ታርመኛለህ፣ አርመህም ትስቃለህ› ይላል። እግዚአብሔር በሰው ስሕተት ይስቃል ወይ? ብለን ሽማግሌዎቹ ተቀምጠን ተወያየን። በመጨረሻ የአባትነት ሳቅ ነው ብለን ተስማማን።»

አገርነሽም ይሁን አለች። በየማለዳው ማንን እያረመች እንደምትስቅ ትዝ ቢላት ኖሮ ይህን ሁሉ ታሪክ ባላወራን ነበር። በሲቀላ አንደኛ ነው የምትለው ያ ጆሮ በገዛ ስሟ ሲጠሯት አልሰማም። ከዚህ በላይ ምን ልበላችሁ?

የማስቃላ ዋዜማ ደረሰ። ጋሽ ኦይታ ሥጋና ቅቤ ሊገዙ ከተማ ገብተዋል፤ ዘፈን በሚወዳደርበት ቀን ግን እዚያ ቤት ድርሽ አይሉም። የቀረው ሰው ሁሉ አለ። ለሊሴ ከጓደኞቿ ጋር ወንበር ይዛለች። ኤርጫፎም መጣ፤ ሙዝ ሳይሸከም፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ፀጉሩን ተቆርጦ። ስፕሪስ ቀረበለት፤ አልነካውም። በሩ አጠገብ ቆሞ ቀረ።

«ዮ ማስቃላ!» አለች አገርነሽ፣ ወንበር ላይ ወጥታ። ቤቱ ተቀበላት። «ዘንድሮ ስኳር ያልገባበት ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ጨውም አልገባበትም።» ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። ምሩቁን ሦስተኛ አለችው። እንቁራሪቶቹን ሁለተኛ አለች፤ «ለእንቁራሪቶቹ ንገሩልኝ!» ብላ። «አንደኛ፣ ቁምሳጥን! ከነገ ጀምሮ አቮካዶ በሎሚ ቁምሳጥን ተብሎ ይጠራል።» ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

አገርነሽ ግን ከወንበሩ አልወረደችም።

«እውነቱን ልንገራችሁ። ዘንድሮ ከሰማሁት ሁሉ ልቤን የወሰደው ይሄ አይደለም። ‹አገር ነህ› ነው። እንደሱ ያለ ነገር ዕድሜዬን ሰምቼ አላውቅም። ግን ሕጌን ታውቃላችሁ። መዝሙር ነው፣ አላወዳድርም።»

«መዝሙር ነው?» አለ ከበሩ በኩል አንድ ወፍራም ድምፅ። ኤርጫፎ ነው።

«ታዲያስ!»

«ማን አለ?»

«ሁሉም ነዋ! የላንቴ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ። በየእሁዱ ይዘመራል እኮ፣ አንተ አልሰማህም?»

ኤርጫፎ ፊት ላይ ምን እንደነበረ ያየችው ጸዳለ ብቻ ናት፤ እሷም በፎጣዋ አፏን ያዘች።

«እንዲህ ነው?» አለ፤ ድምፁ ከወትሮው ወረደ። «በል፣ ደህና ሁን፣ አገሬ።»

«ሁኚ በል!» ስትል ጮኸችበት፣ እንደ ልማዷ። ቤቱም እንደ ልማዱ ሳቀ። ኤርጫፎ ግን ፈገግ አላለም፤ እርማቱንም አልደገመም። ወጣ።

አገርነሽ ወንበሩ ላይ እንደቆመች አፏ ሳይገጠም ቀረ።

ደህና ሁን። ሁን ነው ያላት። ነህ ነው የሚላት። አገር ነህ። አገር... ነሽ።

«ውይ!» አለች። ከዚያ ሌላው ሁሉ ተንጋግቶ መጣ፤ በማለዳ ሸክም ይዞ ደጅ የሚመጣው፣ ሲሳሳት የሚታረመው፣ አርማ የምትስቀው። ሦስቱ በአንድ፣ ያው በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ሳይነካ ተቀምጦ፣ ከታች አቮካዶ፣ መሀል ማንጎ፣ ከላይ ፓፓያ። «ውይ! ውይ! ውይ!»

«ምን ሆንሽ?» አለች ለሊሴ።

«ሰውየውን ሁለተኛ እንኳ ሳልለው!» ብላ ከወንበሩ ዘላ ወረደች።

«ሩጪ!» አለች ጸዳለ። «እኔ ከሐምሌ ጀምሮ መቼ ይገባት ይሆን እያልኩ ነው!»

ሽርጧን እንኳ አልፈታችም። የማስቃላ ዋዜማ ሲቀላ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ሰንጋው፣ ቅቤው፣ ባጃጁ፣ ሰዉ፣ ሁሉም መንገድ ላይ ነው። አንዱ ባጃጅ ውስጥ ዘላ ገባች፤ ሁለት ሱቅ ሳታልፍ ቆመባት፤ ወርዳ ሮጠች። አይሱዙው ወደ ላንቴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አንድ የሰንጋ መንጋ አላሳልፍ ብሎት ሞተሩ እየተንጎራጎረ ቆሟል። ደርሳ በሾፌሩ በኩል ያለውን መወጣጫ ረግጣ፣ መስተዋቱን ጨብጣ ተንጠለጠለች። ልትናገር ስትል ግን አንድ ነገር ሰምታ ዝም አለች።

«ይሄ ሞተር!» አለች። «ከሥር የሚያጉረመርመው! ቤዙ ይሄ ነው!»

ኤርጫፎ መሪውን እንደያዘ ደነገጠ። «ሞተሩን ካጠፋሁ ስልኩ ቻርጅ አያደርግም» አለ። «መኪና ውስጥ ነው የቀረጽኩት። ቤት እናቴ ትሰማለች።»

«ድምፅህስ? አንተ ስታወራ በርሜል፣ ስትዘፍን ዋሽንት!»

«ሳፍር ነው የሚወፍረው።»

«ለእኔ ነው?»

«ለሌላ ለማን ይሆናል?»

«አንተ ሰው፣ አበድክ? አገር ሁሉ ለእግዚአብሔር ነው ብሎ ሲያለቅስ! ለእኔ ከሆነ አንቺ አይባልም? አንቺ ብትል ምን ነበረበት?»

ኤርጫፎ አንገቱን ደፋ። «አማርኛን የተማርኩት ከመዝሙር ነው» አለ። «ቤት ጋሞኛ ነው፣ ሥራ ላይ ጋሞኛ ነው። አማርኛ ስዘምር ብቻ ነው። የሚያምር ነገር ልናገር ስል ከዚያ ነው የሚመጣልኝ። በኛ መዝሙር ደግሞ ሁሉም አንተ ነው።»

«በጋሞኛ አትዘፍነውም ነበር?»

«አይገባህም ብዬ ነዋ።»

ለካ ጋሞኛ ጆሮዋ ውስጥ መኖሩን አያውቅም! ስንት ዓመት ሙሉ እሷ በጋሞኛዋ ሲሳቅባት ተናዳ ተወችው፤ ይሄ ሰው በአማርኛው በየቀኑ እየተሳቀበት፣ ለእሷ ብሎ አልበም ሙሉ ዘፈነበት። አሳፈራት፤ ዓይኗ ሞላ።

«በመዝሙር ውስጥ አንቺ የሚባል አንድም የለም?» አለች።

ኤርጫፎ አሰበ። «አንድ አለ» አለ። «ነፍሴ ሆይ ሲባል። ነፍሴ ብቻ ነው አንቺ የሚባለው።» ከዚያ ቀስ ብሎ ጨመረ፤ «መልስ ሳትሰጠኝ እንዴት ደፍሬ ልበልህ?»

ያን ጊዜ ከወዲያኛው ወንበር አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

አገርነሽ አንገቷን አስግጋ ብታይ፣ ጋሽ ኦይታ! ሥጋቸውንና ቅቤያቸውን እግራቸው ሥር አስቀምጠው፣ ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ እስከ ላንቴ አድርሰኝ ብለው ተሳፍረው ቁጭ ብለዋል። ሁሉን ሰምተዋል።

«ስለዚህ» አሉ፣ ወደ ፊት ሰንጋዎቹን እያዩ፤ «ከሐምሌ ጀምሮ እኔ ቆሜ የምዘምረው ለእሷ ነው?»

ቅቤውን በእግራቸው ገፋ አደረጉና ቀጠሉ።

«ሽማግሌዎቹ የተወያየንበት ሳቅ፣ የእሷ ሳቅ ነው?»

«አዎ፣ ጋሽ ኦይታ» አለ ኤርጫፎ፣ ድምፁ እንደገና ወፍሮ።

«ሦስቱ በአንድስ?»

ኤርጫፎ ላብ አጠመቀው። «ስፕሪስ ነው።»

ጋሽ ኦይታ ኮፍያቸውን አንሥተው ፊታቸውን ሸፈኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አገርነሽ አለቀሱ ብላ ክው አለች። ኮፍያው ሲነሣ ግን እንባው የሳቅ ነበር። «ለጁስ!» አሉ። «ለጁስ አልቅሼ! በሉ ይሄ ነገር ከዚህ መኪና እንዳይወጣ። መዝሙሩን አላቆምም፣ መዘምራኑ ስንት ደክመውበታል። እሱ የላይኛው ለማን እንደምዘምር ያውቃል።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው ኮስተር አሉ። «ልጁ ጥያቄ ጠይቋል። ሰንጋው መንገድ ሊለቅ ነው። መልስ አለሽ ወይስ የለሽም?»

እውነትም መንጋው ተገፍቶ ተገፍቶ መንገዱ ሊከፈት ነው። ከኋላ ያለው መኪና ሁሉ ጡሩምባውን ያንባርቃል። ኤርጫፎ ማርሹ ላይ እጁን አድርጎ አላየሁም ያለ ይመስል ወደ ፊት ያያል፤ ጆሮው ብቻ ቀልቷል።

አገርነሽ መስተዋቱን አጥብቃ ያዘች። አፏን ከፈተችና መጀመሪያ በጋሞኛ ሞከረች፤ ምን እንዳለች እግዜር ይወቅ፣ ጋሽ ኦይታ እንደገና በኮፍያቸው ተሸፈኑ። ትታ ወደ አማርኛዋ ተመለሰች።

«ስማኝ» አለች። «ዝርዝሩን አልቀይርም። ቁምሳጥን አንደኛ ነው። የአንተን አልበም ዘንድሮም አላወዳድረውም፣ የሚመጣው ዓመትም አላወዳድረውም፣ ከዚያም በኋላ አላወዳድረውም።»

ኤርጫፎ ቀስ ብሎ ዞረ። ፊቱ ጠቁሯል። «መዝሙር አይደለም አልኩ እኮ።»

«ገባኝ፤ መዝሙር አይደለም። የራሴን ቤተሰብ ግን አላወዳድርም።»

ትንሽ ጊዜ ፈጀበት፤ እሷ ላይም ፈጅቶ የለ! ከዚያ እጁ ከማርሹ ላይ ወረደ። ሞተሩን አጠፋው። ከኋላ ያለው ጡሩምባ ሁሉ ይጮሃል፣ ሾፌሮቹ አንገታቸውን አውጥተው ይሳደባሉ፣ እሱ ግን አልሰማም። አንድ እጇ ብቻ መስተዋቱን እንደያዘ፣ እግሯም መወጣጫው ጫፍ ላይ እንደቆመ ያየው ያን ጊዜ ነው፤ ደንግጦ ክንዷን ያዛት።

«ውረጂ» አላት። «ትወድቂያለሽ።»

አገርነሽ እንደ ልማዷ ልታርመው አፏን ከፈተች፤ የምታርመው ነገር አጣች።